ስለ ኮምፒዩተር አገዛዝ ለቤተ ሰብ የሚሆን ምክር



በዚህ ዓምድ ስለ ቤት ዕቃ አገዛዝና ስለ ገንዘብ አያያዝ ደጋግመን ጽፈናል። ዛሬ ደግሞ ብዙ ቤተ ሰብ የሚጨነቅበትን የኮምፒዩተርን ነገር እናነሣለን። ቀድሞ በአንድ ቤት ውስጥ ከባድ ዋጋ የሚወጣበት ዕቃ አልጋና ሣጥን ነበረ፤ አሁን ግን ልጁን ለማስተማር የሚወድ ሰው ከልብሱና ከምግቡ ቀንሶ ኮምፒዩተር ይገዛል። ገንዘቡም በብዙ ድካም የተገኘ ስለ ሆነ፥ ከመግዛት አስቀድሞ የትኛው ዓይነት ለስንት ዓመት እንደሚያገለግል መርምሮ ማወቅ ይገባል። ግንብ ሊሠራ የሚያስብ ሰው አስቀድሞ ተቀምጦ ወጪውን እንዲቈጥር በወንጌል የተሰጠው ምክር ለዚህም ነገር ይሆናል።

ይህንን እንድንጽፍ ያነሣሣን በገዛ ቤታችን የሆነው ነው። የበኵር ልጃችን ወደ ዩኒቨርሲቲ ለመግባት በተዘጋጀች ጊዜ፥ የቤታችን እመቤት ለሁለት ዓመት ስትጥለው የኖረችው ዕቁብ ደረሳት። ልጅቱም «አባባ፤ ማክ የገዛ ሰው ዐሥር ዓመት አይጨነቅም ይላሉ» አለችን። እናቷ ግን «ያለው ኮምፒዩተር ሳይሰበር ሌላ መግዛት ሳይቸግር ጤፍ ብድር ነው» ብላ መለሰች። የሁለቱም ቃል እውነት የሚመስል ስለ ሆነ፥ ዕቁቡን ሳንነካ ነገሩን መመርመር ጀመርን። ያገኘነውንም እነሆ እናቀርባለን፤ ዘመኑንም የምንጠቅሰው በአውሮጳውያን አቈጣጠር ነው።

አስቀድሞ፥ ኮምፒዩተር ሁለት ነገር መሆኑን ማስተዋል ያስፈልጋል። አንዱ በእጅ የሚዳሰሰው ዕቃ ነው፤ ሁለተኛው ዕቃውን የሚያዝዘው ኦፕሬቲንግ ሲስተም የሚባለው ፕሮግራም ነው። አፕል የሚባለው ኩባንያ ማኪንቶሽን በ1984 ለሽያጭ አወጣ፤ ማይክሮሶፍት ደግሞ የመጀመሪያውን ዊንዶውስ በ1985 አቀረበ፤ ሊኑክስንም ሊኑስ ቶርቫልድስ የተባለ በሄልሲንኪ ይማር የነበረ ወጣት በ1991 ጀመረው። የማክ ዕቃውም አዛዡም ከአንድ ኩባንያ ይወጣሉ። የዊንዶውስ አዛዡ ከአንድ ኩባንያ ሲመጣ ዕቃውን ብዙ ኩባንያዎች ይሠሩታል። ሊኑክስን ግን ማንም ሰው ያለ ዋጋ ወስዶ በኮምፒዩተሩ ላይ ሊጭነው ይችላል።

እንግዲህ ኮምፒዩተር የሚያረጀው በሦስት መንገድ ነው። የመጀመሪያው የዕቃው እርጅና ነው፤ ባትሪው ይደክማል፥ አቧራ ማቀዝቀዣውን ይዘጋል፥ ዲስኩ ይበላሻል። ሁለተኛው የሥራው መክበድ ነው፤ ፕሮግራሞችና የኢንተርኔት ገጾች ከዓመት ወደ ዓመት ብዙ ራም ይፈልጋሉ። ሦስተኛው ግን ዓይን የማያየው ነው፤ ይኸውም አዛዡን የሠራው ኩባንያ የጥበቃ እድሳት መስጠቱን ባቆመ ጊዜ የሚመጣው እርጅና ነው። የጽሕፈት መኪና ሪባኑ እየተለወጠና ዘይት እየተቀባ አንድን ጸሓፊ እስከ ጡረታው ድረስ ያገለግል ነበረ፤ ከሩቅ አገር «ከዛሬ ጀምሮ ዘመንህ አልፏል» የሚለው አልነበረምና። ኮምፒዩተር ግን እድሳቱ ሲቋረጥ አጥሩ እንደ ፈረሰ ግቢ ነው፤ ቤቱ ቢቆምም ሌባ ይገባበታል።

ስለ ዊንዶውስ። ዊንዶውስ 10 በሐምሌ ወር 2015 ወጥቶ፥ መደበኛ እድሳቱ ኦክቶበር 14 ቀን 2025 አበቃ። ኩባንያው ለግል ተጠቃሚዎች የወሰነው ተጨማሪ የጥበቃ ጊዜም እስከ ኦክቶበር 13 ቀን 2026 የሚደርስ ነው። በ2021 የወጣው ዊንዶውስ 11 ደግሞ ቲ ፒ ኤም 2.0 የሚባል ምስጢር ጠባቂ ቺፕ ይጠይቃል፤ ከኢንቴል ፕሮሰሰሮችም በአብዛኛው 8ኛውን ትውልድና ከዚያ በኋላ የተሠሩትን ብቻ ይቀበላል። በዚህ ምክንያት ምንም ጕድለት የሌለባቸው ብዙ ኮምፒዩተሮች ከተራ ወጡ፤ በ2016 የተገዛው የቤታችንም ላፕቶፕ ከእነርሱ አንዱ ነው። የዊንዶውስ ትልቁ ጥቅም ግን ዕቃው በየዋጋው መገኘቱ፥ በብዙዎቹም ላይ ዲስክና ራም መለወጥ መቻሉ፥ ጠጋኙም በየሰፈሩ መኖሩ ነው።

ስለ ማክ። የማክ ዕቃ በጥንካሬው የተመሰገነ ነው፤ አገልግሎ ሲሸጥም ዋጋው እንደ ሌሎቹ ፈጥኖ አይወድቅም። ይሁን እንጂ እርሱም ዘላለማዊ አይደለም። በ2020 አፕል ከኢንቴል ፕሮሰሰር ተላቆ ኤም 1 ወደሚባለው ወደ ራሱ ቺፕ መሻገር ጀመረ። በዚያ ዓመት መጀመሪያ የወጣው ባለ ኢንቴሉ ማክቡክ ኤር በ2025 የወጣውን ማክ ኦኤስ ታሆ የተባለውን አዛዥ መቀበል አልቻለም፤ በዚያው ዓመት በኅዳር የወጣው ባለ ኤም 1 ግን ተቀበለ። ስማቸው አንድ፥ ዓመታቸው አንድ፥ ዕድሜያቸው ግን የተለያየ ሆነ። ደግሞም በዛሬዎቹ የማክ ላፕቶፖች ራሙ ከቺፑ ጋር አንድ ስለ ሆነና ማከማቻውም ከቦርዱ ጋር የተያያዘ ስለ ሆነ፥ በኋላ እጨምርበታለሁ ማለት አይቻልም። አፕል አንድን ሞዴል መሸጥ ካቆመ ከ7 ዓመት በኋላ በአብዛኛው የመለወጫ ዕቃ አያቀርብለትም።

ስለ ሊኑክስና ስለ ክሮምቡክ። ሊኑክስ ለአሮጌ ኮምፒዩተር ሁለተኛ ዕድሜ ይሰጣል። ኡቡንቱ የሚባለው ዓይነት በየሁለት ዓመቱ አንድ ጊዜ ለረጅም ዘመን የተዘጋጀ እትም ያወጣል፤ ለእያንዳንዱም 5 ዓመት እድሳት በነጻ ይሰጣል፤ ዘመኑም ሲያልቅ ወደሚቀጥለው እትም መሻገር ይቻላል። ነጻ መሆኑ ግን ድካም የለበትም ማለት አይደለም። በጀርመን አገር የሙኒክ ከተማ አስተዳደር 15,000 ያህል ኮምፒዩተሮቹን እስከ 2013 ድረስ ወደ ሊኑክስ ካዛወረ በኋላ፥ በ2017 ወደ ዊንዶውስ ለመመለስ ወሰነ። የፈረንሳይ ዣንዳርመሪ ደግሞ በ2008 ወደ ኡቡንቱ ተሻግሮ በዚያው ጸና። ከዚህ የምንማረው፥ ፍጻሜው የሚወሰነው በፕሮግራሙ ጠባይ ብቻ ሳይሆን በሚሠራበት ሰው ፈቃድና ትጋትም መሆኑን ነው። ጎግልም በ2023፥ ከ2021 ጀምሮ ለወጡት የክሮምቡክ ሞዴሎች የ10 ዓመት እድሳት እንደሚሰጥ አስታውቋል፤ ነገር ግን ዓመቱ የሚቈጠረው ሞዴሉ ከወጣበት ቀን እንጂ እናንተ ከገዛችሁበት ቀን አይደለም።

አሁን ወደ ሒሳቡ እንምጣ። የአንድን ዕቃ እውነተኛ ዋጋ ለማወቅ፥ ከተገዛበት ዋጋ የሚሸጥበትን ቀንሶ ለአገልግሎቱ ዓመት ማካፈል ነው። የገበያ ዋጋ ስለሚለዋወጥ ቍጥሩን ለምሳሌ ብቻ እንውሰድ። አንዱ በ120,000 ብር ተገዝቶ 8 ዓመት ቢያገለግልና በ24,000 ብር ቢሸጥ፥ ለዓመት 12,000 ብር ይወድቅበታል። ሁለተኛው በ60,000 ብር ተገዝቶ 5 ዓመት አገልግሎ በ5,000 ብር ቢሸጥ፥ ለዓመት 11,000 ብር ነው። ሦስተኛው ያገለገለ ሆኖ በ30,000 ብር ተገዝቶ፥ ለባትሪና ለዲስክ 6,000 ብር ወጥቶበት፥ 4 ዓመት ከሠራ በኋላ ቢጣል ለዓመት 9,000 ብር ይሆናል። እንግዲህ ውድ የተባለውና ርካሽ የተባለው ብዙም አይራራቁም። ነገር ግን ውዱ በ3ኛው ዓመት ቢሰረቅ ወይም ቢሰበር ለዓመት 40,000 ብር፥ ሁለተኛው 20,000 ብር ይሆናል። ስለዚህ ብዙ ገንዘብን በአንድ ዕቃ ላይ ማኖር፥ ዕቃውን የመጠበቅ ዐቅም ላለው ሰው ይገባል።

ያገለገለ ለሚገዛ ሰው ብርቱ ማስጠንቀቂያ አለን። አንድ የምናውቀው ሰው አምሮ የታየውን ማክ በጥሩ ዋጋ ገዝቶ ወደ ቤቱ ቢወስደው፥ የቀድሞው ባለቤት መለያና የይለፍ ቃል ካልገባበት የማይከፈት ሆኖ ተገኘ፤ ሻጩም ስልኩን ዘጋ። ሣሩን አይቶ ገደሉን እንዳላየው በሬ ሆነ። በቅርብ ዓመታት የተሠሩ የማክ ኮምፒዩተሮች እንዲህ ያለ መቈለፊያ አላቸው፤ የትምህርት ቤት ንብረት የነበረ ክሮምቡክም በድርጅቱ ትእዛዝ ሥር እንደ ተያዘ ሊሸጥ ይችላል። ስለዚህ ገንዘብ ሳይከፈል ሻጩ በፊታችሁ መለያውን ያውጣ፥ ኮምፒዩተሩም እንደ አዲስ ተነሥቶ ይታይ። እኛ በፍርድ ቤት ጸሓፊነታችን የምናየው ክርክር አብዛኛው የሚነሣው ሰዎች ተማምነው ሳይጻጻፉ ከመቅረታቸው ነው። በቃል ያለ ይረሳል፥ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል፤ የሻጩን ስም፥ የዕቃውን ሞዴልና መለያ ቍጥር፥ ዋጋውንና ቀኑን ጽፋችሁ ሁለታችሁም ፈርሙ፤ ምስክርም ይኑር።

ለአገራችን የሚሆን ሌላም ነገር አለ። መብራት በሚቈራረጥበት ሰፈር ባትሪው የደከመ ላፕቶፕ በድንገት እየጠፋ ጽሑፍ ያስጠፋል፤ ስለዚህ የባትሪ ዋጋ ከሒሳቡ አይጕደል። ከአሜሪካ ወይም ከዓረብ አገር ዘመድ ኮምፒዩተር ሲልክ ደግሞ፥ ከመግዛቱ በፊት ሞዴሉን ጠይቃችሁ ባትሪውና ቻርጀሩ እዚህ መገኘቱን አረጋግጡ። ስለ ፊደላችን ግን ስጋት አይግባችሁ። የግእዝ ፊደል በ1999 ወደ ዩኒኮድ ስለ ገባ፥ በሁሉም ላይ አማርኛ ይጻፋል፤ ዊንዶውስ በቪስታ ኒያላን ይዞ ወጣ፤ ማክ ከፋን፥ ሊኑክስም አቢሲኒካን ይጠቀማል። ከዩኒኮድ በፊት በነበሩ ፊደላት የተጻፈ የቈየ ሰነድ ያለው ሰው ግን ኮምፒዩተሩን ከመለወጡ በፊት ጽሑፉን ያስቀይር።

በቤታችን የሆነውን ተናግረን እንጨርስ። ልጃችን የምትማረው የሕንጻ ምህንድስና ስለ ሆነ፥ የሚያስፈልጓትን ፕሮግራሞች ከቀደሟት ተማሪዎች እንድትጠይቅ ላክናት። ኤታብስና ሬቪት የሚባሉት በዊንዶውስ ላይ ብቻ የሚጫኑ መሆናቸውን ሰምታ ተመለሰች፤ የማኩንም ነገር ራሷ ተወችው። ስለዚህ ዊንዶውስ 11ን የሚቀበል፥ ራም የሚጨመርበት ያገለገለ ላፕቶፕ በውል ገዛንላት። አሮጌውን ኮምፒዩተር ደግሞ በዲስኩ ፈንታ ኤስ ኤስ ዲ አስገብተን ኡቡንቱ ጫንንበት፤ ታናሽ ወንድሟ ይጽፍበታል፥ ያነብበታል። ከዕቁቡ የተረፈውም ለልጅቱ የመጀመሪያ ዓመት ቀለብና መጽሐፍ ሆነ። እናቷም «ሁለታችንም አልተሳሳትንም» አለች።

እንግዲህ አንባቢዎቻችን ሆይ፤ «የትኛው ይበልጣል» ብላችሁ ከመጠየቅ በፊት «ምን ልሠራበት ነው? እድሳቱስ እስከ መቼ ነው? ቢሰበር ማን ይጠግነዋል?» ብላችሁ ጠይቁ። ሥራው ማክን የሚፈልግና የመጠበቅ ዐቅም ያለው ማክን ይግዛ፤ የዊንዶውስ ፕሮግራም የሚያስፈልገው ዊንዶውስን ይግዛ፤ ለመጻፍና ለማንበብ ብቻ የሚፈልግ ያለውን አሳድሶ ሊኑክስ ይጫንበት። የቸኰለች አፍሳ ለቀመች ይባላልና፥ የአንድ ሳምንት ጥያቄ የብዙ ዓመት ጸጸትን ያድናል።