የአገር ሀብት በምን ይቈጠራል?

«በእጅ የያዙት ወርቅ እንደ መዳብ ይቈጠራል» እያሉ አባቶቻችን ሲተርቱ ብዙ ጊዜ ሰምተናል። የዚህ ተረት ትርጕም ለእኔ የገባኝ ግን ከሽማግሌዎች እግር ሥር ተቀምጬ ሳይሆን፤ ነገሩ ሊያስቅ ይችላል፤ ከአንድ የኮምፒዩተር ጨዋታ ነው። አንባቢዎቼ «ጨዋታንና ቁም ነገርን ምን አገናኛቸው?» ሳይሉ እስከ መጨረሻው እንዲታገሡኝ እለምናለሁ።

ጨዋታው ድዋርፍ ፎርትረስ ይባላል፤ በእኛ ቋንቋ የድንኮች ምሽግ ማለት ነው። የሠሩት ታርን አዳምስና ዛክ አዳምስ የሚባሉ አሜሪካውያን ወንድማማቾች ሲሆኑ፤ በ2006 እ.ኤ.አ. ለሕዝብ ቀረበ። በጨዋታው ሰባት ድንኮች አንድ ቦታ ይሰፍራሉ፤ ድንጋይ እየፈለፈሉ ቤት ይሠራሉ፤ እህል ይዘራሉ፤ ዕቃም ያበጃሉ። ሰፈሩ ሀብታም እየሆነ ሲሄድ ዝናው ይሰማና አዳዲስ ሰፋሪዎች ይጐርፋሉ፤ ጠላትም ሊዘርፍ ይመጣል።

እኔን እጅግ ያስደነቀኝ ግን የሀብቱ አቈጣጠር ነው። እያንዳንዱ ዕቃ እንደ ዓይነቱ መነሻ ዋጋ አለው። ይህ መነሻ በተሠራበት ነገር ይባዛል፤ ተራ ድንጋይ ከሆነ በ1፣ ብር ከሆነ በ10፣ ወርቅ ከሆነ በ30። ቀጥሎም በሠሪው ሙያ ይባዛል። እንደ ነገሩ የተሠራ ዕቃ በ1 ብቻ ሲባዛ፤ ሙያው ከፍ ባለ ቍጥር 2፣ 3፣ 4፣ 5 እያለ ይሄዳል፤ የመጨረሻው ባለሙያ የተራቀቀበት ሥራ ግን በ12 ይባዛል። አንዳንድ ጊዜም አንድ ድንክ ድንገት አሳብ ይይዘውና ከሰው ተለይቶ የሚሠራው ብርቅ ዕቃ አለ፤ የእርሱ ብዜት 120 ነው።

እስቲ አብረን እናስላ። የመጠጫ ዋንጫ መነሻ ዋጋ 10 ነው። ጀማሪ ከብር የሠራው ዋንጫ 10 በ10 ተባዝቶ 100 ያወጣል። ታላቁ ባለሙያ ከሜዳ ድንጋይ የሠራው ዋንጫ ግን 10 በ12 ተባዝቶ 120 ይሆናል። እንግዲህ ሙያ ያለው እጅ ድንጋይን ከብር አስበለጠ ማለት ነው!

ጨዋታው አይሳሳትም አልልም። የሐይቅን ውሃ፣ የጎረቤትን ሰላም፣ የሽማግሌን ዕርቅ በሀብትነት አይቈጥርም፤ እነዚህ ባይኖሩ ደግሞ ሰፈር ሰፈር አይሆንም። ነገር ግን በአንዱ ጉዳይ ከእኛ በልጦ አገኘሁት።

የምዕራብ ዓባያ ሰው ስለ ወረዳው ሀብት ቢጠየቅ የሚመልሰው ምንድን ነው? ሙዙን ይጠራል፤ ማንጎውን ይጠራል፤ ወደ አዲስ አበባ የሚሄደውን የጭነት መኪና ይቈጥራል። ይህ እውነተኛ ሀብት ነው፤ እኛም የምንማረው በእርሱ ነው። ዳሩ ግን ስለ ሸክላ ሠሪዋ፣ ስለ ቀጥቃጩና ስለ ቆዳ አልፊው የሚያነሣ የለም። በጋሞ ደጋ በባልጩት ድንጋይ ቆዳ የሚያለፉ ባለሙያዎች መኖራቸውን የውጭ አገር ተመራማሪዎች ሩቅ መንገድ ተጕዘው መጥተው አጥንተዋል፤ እኛ ግን ቤታቸውን አልፈን እንሄዳለን።

ማለፍ ብቻ ቢሆን ባልከፋ ነበር። እነዚህ ባለሙያዎች በአገራችን ልማድ መሬት እንዳይዙ፣ ከሌላው ጋር እንዳይጋቡ፣ በጉባኤ እንዳይናገሩ ተደርገው ኖረዋል። የሚጠሩበትን ስም እዚህ መጻፍ አልፈልግም፤ ስሙ ራሱ ስድብ ሆኖአልና። ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሙያው መስደብን በአዋጅ ከልክለው ነበር። አዋጁ ከወጣ ከመቶ ዓመት በላይ ሆኖታል፤ ዛሬ ልማዱ ቢላላም ሳቁ ግን አልቀረም።

ሳቁ አልቀረም ስል ከሰው ሰምቼ አይደለም። በታችኛው ክፍል ሳለን መምህራችን የወላጆቻችንን ሥራ በየተራ ጠየቁን። አንዲት ልጅ «እናቴ ገበሬ ናት» አለች። ከኋላ አንዱ «ጭቃ ገበሬ!» ብሎ አንሾካሾከ፤ ብዙዎቻችን ሳቅን። እኔም ከሳቁት አንዱ ነበርሁ። በዚያች ቀን በቤታችን ቡና የፈላበት ጀበና ምናልባት የእናቷ እጅ ሥራ ሊሆን እንደሚችል አላሰብሁም።

አንዳንድ ጓደኞቼ «ሸክላን ያሸነፈው ፕላስቲክ ነው እንጂ የእኛ ሳቅ አይደለም» ይሉኛል። ከፊሉ እውነት ነው፤ እንስራን ጄሪካን ተክቶታል። ነገር ግን ጀበናን ማን ተካው? የጋሞን ሽመና ተመልከቱ። ከዶርዜና ከሌላውም የጋሞ ደጋ ወጥተው በአዲስ አበባ ሽሮ ሜዳ የሰፈሩ ሸማኔዎች እነርሱም በሙያቸው ብዙ ተሰድበዋል፤ ሆኖም ጥበባቸውን ስላልጣሉት ዛሬ አገር በበዓል ቀን የሚያጌጥበት ልብስ ከእጃቸው ይወጣል።

በጨዋታው ውስጥ እንኳ ጀማሪ አብዛኛውን ጊዜ በአንድ ቀን ባለሙያ አይሆንም፤ ብዙ ዋንጫ እየሠራ ይማራል። እንግዲህ የሸክላ ሠሪዋ ልጅ በእናቷ ሥራ አፍራ ጭቃውን ካልነካች፤ ያ 12 እጥፍ ከእናቲቱ ጋር ይቀበራል፤ ለእኛም የሚቀረን አፈሩ ብቻ ነው። በ1 ቢያባዙት ያው አፈር ነው።

ስለዚህ አንድ ነገር አሳስባለሁ። በየዓመቱ በወላጆች ቀን ሥዕልና የሳይንስ ሥራ እናሳያለን። በሚመጣው ዓመት አንድ ጠረጴዛ ለጀበናው፣ ለማረሻውና ለቆዳው ይሰጥ። ባለሙያዎቹም ተጠርተው ከሌሎቹ እንግዶች ጋር በፊተኛው ወንበር ይቀመጡ፤ ስለ ሥራቸውም ያስተምሩን። ከእያንዳንዱ ዕቃ ሥር የሠሪው ስም በጕልህ ይጻፍ። ድንኮቹ እንኳ ግሩም የሆነውን ዕቃ ማን እንደ ሠራው መዝግበው ይይዛሉ፤ ያ ዕቃ ሲጠፋም ሠሪው ያዝናል።

ያች የክፍላችን ልጅ ያን ጊዜ የእናቷን ስም በጠረጴዛው ላይ ብታነብ፤ እኔ ከሳቁት መካከል የነበርሁት አጠገቧ ቆሜ ይቅርታ እጠይቃታለሁ። ሀብታችንን በትክክል መቍጠር የምንጀምረው ከዚያ ይመስለኛል።