አደራው የእኛ ነው
በአውሮፓ ከተሞች የዕድር፣ የሰበካ ጉባኤና የኮሚዩኒቲ ማኅበር ኃላፊነት ተሸክማችሁ ለምትደክሙ እኩዮቼ ይህን የምጽፈው ዝም ማለት ስለከበደኝ ነው። በማኅበሮቻችን ድረ ገጽ ላይ ብቅ የሚለው የኩኪ ፈቃድ መጠየቂያ አንዴ ተገጥሞ የሚረሳ ነገር አይደለም። ብዙዎቻችን ግን ረስተነዋል። አንድ ጎበዝ ልጅ ሠርቶ ሰጠን፤ መርቀን ሸኘነው፤ ልጁም ሥራ ይዞ ሌላ ከተማ ገባ። ከዚያ ወዲህ ሶፍትዌሩም ሕጉም ስንት ጊዜ ተለወጡ!

ኩኪ ድረ ገጹ በጎብኚው ስልክ ወይም ኮምፒውተር ላይ የሚያስቀምጠው ትንሽ ፋይል ነው። ለአገልግሎቱ የግድ የሚያስፈልገው ፈቃድ አይጠየቅበትም። ሰውን ከገጽ ገጽ እየተከተለ ለማስታወቂያ ድርጅቶች ወሬ የሚያቀብለው ግን አስቀድሞ ፈቃድ ይሻል። በእኛ ቤት ነገሩ ይብሳል። የቅዳሴ መርሐ ግብር የሚፈልግ ሰው ሃይማኖቱን እያሳወቀ ነው፤ ስለ ጥገኝነት የተጻፈ ምክር የሚያነብ ስደተኛም ጭንቀቱን። ከግንቦት 2018 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሚሠራበት የአውሮፓ ኅብረት የግል መረጃ ጥበቃ ሕግ ሃይማኖትን፣ ጤናንና የፖለቲካ አመለካከትን ከሌላው ለይቶ አጥብቆ የሚጠብቀው ያለ ምክንያት አይደለም።

«እኛ ትንሽ ማኅበር ነን፤ ማን ያየናል?» የምትሉ አላችሁ። በ2019 የኅብረቱ ፍርድ ቤት የአንድን የጀርመን ልብስ ሻጭ ጉዳይ አይቶ፣ የፌስቡክን «ላይክ» ቁልፍ በገጹ ላይ ያደረገ ሰው የጎብኚዎች መረጃ ተሰብስቦ ወደ ፌስቡክ ለመሄዱ አብሮ ኃላፊ ነው አለ። በጥር 2022 ደግሞ የሙኒክ ፍርድ ቤት የፊደል ቅርጾችን ከጉግል እያስመጣ የጎብኚውን አይፒ አድራሻ ያለ ፈቃድ ያሳለፈ የድረ ገጽ ባለቤት 100 ዩሮ ካሳ እንዲከፍል ፈረደ። ገንዘቡ ትንሽ ነው። ከፍርዱ በኋላ ግን በጀርመንና በኦስትሪያ «ካሳ ክፈሉ» የሚል ደብዳቤ በብዙ ትናንሽ ድረ ገጾች ላይ ዘነበ።

አሁን ወደ ሶፍትዌሩ ልምጣ። በ2023 የማስታወቂያ ኩባንያዎች የጋራ የፈቃድ ደንብ ሲታደስ፣ ለሰው ተለይቶ ለሚቀርብ ማስታወቂያ «ሕጋዊ ጥቅም አለን» ብሎ ፈቃድን መዝለል ቀረ፤ መረጃ የሚካፈሉት ድርጅቶች ስንት እንደሆኑም በፈቃድ መጠየቂያው የመጀመሪያ መስኮት ላይ እንዲነገር ተደነገገ። ከመጋቢት 2024 ወዲህ ጉግል በበኩሉ ሁለት አዳዲስ ምላሾች ይጠብቃል፦ የጎብኚው መረጃ ለማስታወቂያ ይላክ ወይ? ማስታወቂያውስ ለእርሱ ተለይቶ ይቅረብ ወይ? እነዚህን ምላሾች ወደ ጉግል የሚያስተላልፈው መሣሪያ ሁለት አሠራር አለው። በአንዱ ጎብኚው እስኪፈቅድ ምንም አይላክም። በሌላው ግን ጎብኚው እምቢ ቢልም ኩኪ የሌለበት መልእክት ወደ ጉግል ይሄዳል። የትኛው እንደተመረጠ በመስኮቱ ላይ አይታይም። ገጹን የሚያስተዳድረውን ሰው ጠይቁ፤ መልሱንም በጽሑፍ ተቀበሉ።

ራሳችሁም ፈትሹ። ገጻችሁን ከዚህ ቀደም ባልተከፈተበት ኮምፒውተር ክፈቱና ምንም ሳትነኩ ከአድራሻው በስተግራ ያለውን ምልክት ተጫኑና ስለ ኩኪ የሚለውን ክፈቱ፤ በብዙ ማሰሻዎች ኩኪ ያስቀመጡት ድረ ገጾች እዚያ ይዘረዘራሉ። ማንም ሳይፈቅድ የማስታወቂያ ድርጅት ኩኪ እዚያ ከተገኘ መስኮቱ ለይምሰል ነው የቆመው። ቀጥሎ «አልቀበልም» የሚለውን ፈልጉ። ከ«ተቀበል» ጎን ከሌለና ሁለት ሦስት ገጽ የሚያስኬድ ከሆነ፣ የፈረንሳይ መረጃ ጠባቂ ባለሥልጣን ጉግልን 150 ሚሊዮን፣ ፌስቡክን 60 ሚሊዮን ዩሮ የቀጣው በዚሁ ጥፋት መሆኑን አስታውሱ።

ከሁሉ የሚሻለው መፍትሔ ቀላል ነው። ዕድር የማስታወቂያ መከታተያ ምን ያደርግለታል? የማያስፈልገውን አስነቅሉ። የግድ ከሚያስፈልጉት በቀር ኩኪም ሌላ መከታተያም የሌለው ገጽ የፈቃድ መስኮት አያሻውም።

ሶፍትዌር ሻጩ በእናንተ ፋንታ ፍርድ ቤት አይቆምም። ሰዎቹ ደጃችንን የረገጡት እኛን አምነው ነው። እባካችሁ፣ በሚቀጥለው ስብሰባችሁ ይህን ጉዳይ በአጀንዳ አስይዙት፤ ኃላፊነቱንም በስም ለአንድ ሰው ስጡ።