ባሕር ባይኖረንም እንጦጦ አለን

የአየር ንብረት ለውጥ ሲነሣ ቶሎ የሚታየን ባሕር ሊውጣቸው የደረሰ ከተሞች ናቸው። «እኛ ወደብ የለን፣ ምን አገባን?» የምንልም አንጠፋም። እኛን የሚያሰጋን ውኃ ግን ከላይ ነው የሚመጣው። ነሐሴ ላይ ሌሊቱን ሲዘንብ ያደረ ዕለት፣ በየካ በኩል ቀበና ወንዝ ዳር የሚኖር ሰው እንቅልፍ የለውም። ድሬዳዋ በ1998 ዓ.ም. ክረምት ከ200 በላይ ሰው ያጣችው ከበላይዋ ባለው ደጋ ዘንቦ ደቻቱ በሌሊት ስለሞላባት ነበር።

መፍትሔ ሲባል ወንዝ ዳር ግንብ እናቆማለን። ይቁም፤ ግን ጎርፉ የሚጀምረው እንጦጦ ላይ ነው። በምኒልክ ዘመን ለማገዶ የመጣው ባሕር ዛፍ (ባሕር የቀረን በስሙ ብቻ ነው!) ቅጠሉ ለምጣድ ተጠርጎ ሲወሰድ መሬቱ ራቁቱን ይቀራል፤ ዝናቡም ሳይሰርግ ቁልቁል ይንደረደራል።

በጽድ፣ በወይራና በኮሶ እንተካው? አዎ። ቅጠል ተሸክመው ለሚወርዱት እናቶች ግን ያ ሸክም የዕለት ጉርሳቸው ነው። ታዲያ እርከኑን የሚሠሩት እነሱ ለምን አይሆኑም? ከ2011 ዓ.ም. ወዲህ በየክረምቱ በዘመቻ እንተክላለን፤ በበጋ ችግኙን የሚጠብቀው ማነው? ለግንብ ከሚመደበው ብር ላይ ተቀንሶ ለእነዚህ እናቶች የወር ደሞዝ ይቆረጥላቸው።