ጥቁሩ ሠራዊት ምን ቀለም ይቀባ?

ከኮልፌ ቀራንዮ ወደ ግቢያችን የምንመላለስ ጥቂት ተማሪዎች በትርፍ ጊዜያችን የዐድዋን ጦር በትንሹ በመሥራት ላይ መኾናችንን ብዙዎቻችሁ ሰምታችኋል። ሥራው ከሽቦ፣ ከቆርቆሮ ቁራጭና ከሚስማር ነው። የአንዱ ወታደር ቁመት ከአውራ ጣት አይበልጥም። ሲያልቅም በሰፊ ጠረጴዛ ላይ ተሰልፎ፣ ሁለት ወገን ኾነን በሕግ የምንጫወትበት፣ የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. የኾነውንም ለአዲስ ተማሪዎች የምናስረዳበት ይኾናል። ሠራዊቱ የጠቆረ ብረት መስሎ እንዲቆም ያለ ክርክር ተስማምተናል፤ የተሠራበት ነገር ብረት ስለ ኾነ ብረትነቱን መደበቅ አላስፈለገም። ያላስማማን ማድመቂያው ነው። በጥቁሩ ብረት ላይ ጣል የሚደረገው ቀለም ምን ይኹን? ሦስት ሐሳብ ቀርቧል። እኔ ሁለቱን ተቃውሜ ሦስተኛውን ስለምደግፍ፣ ምክንያቴን ለአንባቢያን ፍርድ አቀርባለሁ።

አስቀድሞ ግን መልስ የሚገባው አንድ ወቀሳ አለ። «አገር በስንት ችግር ተይዛ ሳለ የተማረ ሰው በአሻንጉሊት ወታደር ይጫወታል ወይ?» የሚሉ አሉ። ወቀሳው ቀላል አይደለም። ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. በሰሜን የተካሄደውን ጦርነት ያየ ትውልድ የጦርን ነገር እንደ ዋዛ ሊያነሣው አይገባም። ኾኖም የጦር ጨዋታ ታሪኩ የዋዛ አይደለም። የፕሩሲያው መኰንን ራይስቪትዝ እ.ኤ.አ. በ1824 ያሳተመው የጦር ጨዋታ ለመኰንኖች ማሠልጠኛ ኾኗል፤ በካርታው ላይ የሚንቀሳቀሱት ሁለቱ ወገኖችም የሚለዩት በቀይና በሰማያዊ ቀለም ነበር። እንግሊዛዊው ደራሲ ኤች. ጂ. ዌልስ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1913 የአሻንጉሊት ወታደሮችን የጨዋታ ሕግ በመጽሐፍ ሲያወጣ፣ ትንሹ ጦርነት ከእውነተኛው እንደሚሻል ተከራክሯል። በዓመቱ እውነተኛው መጣ፤ ዓለምም በእሳት ተያያዘች። በጠረጴዛ ላይ ሰው አይሞትም። ነገር ግን ሰው ስለ ራሱና ስለ ጎረቤቱ የሚይዘው ሐሳብ በጠረጴዛም ላይ ይቀረጻል። ስለዚህ የቀለሙ ምርጫ ሊታሰብበት ይገባል እላለሁ።

የጠቆረ ብረት ብቻውን ሲቆም ምን ችግር እንዳለበት ለማወቅ የሥዕል ትምህርት ቤት መግባት አያስፈልግም። ትንሽ ራቅ ብሎ ለሚያይ ሰውየውም ጋሻውም በቅሎውም አንድ ጥቁር ጓል ይኾናሉ። መፍትሔው የታወቀ ነው። በመጀመሪያ ሁሉም ጥቁር ይቀባል። ሲደርቅ ብሩሹ የአሉሚኒየም ቀለም ይነካና በጨርቅ ይጠረጋል፤ በላዩ በቀረችው ጥቂት ቀለም ጫፍ ጫፉ ብቻ ይታሻል። ጎድጓዳው እንደ ጠቆረ ይቀራል፤ ጠርዙ ግን ብረት ኾኖ ይወጣል። ይህ ቅርጹን ያሳያል እንጂ ዐይን የት እንዲያርፍ አይነግረውም። ያን የሚነግረው ማድመቂያው ነው።

የማድመቂያን ሕግ ከሰፈራችን በያጆች መማር ይቻላል። ከጦር ኃይሎች ወደ አየር ጤና፣ ወይም ከኮልፌ ወደ አስኮ ስትሄዱ የግቢዎቹን የብረት በር ልብ ብላችሁ ተመልከቱ። ብዙዎቹ መደባቸው ጥቁር ወይም ቡናማ ነው፤ ወርቅማው ቀለም የሚገኘው በላይ በተደረደሩት ጦሮች ጫፍና በመካከሉ አበባ ላይ ብቻ ነው። ወርቁ የሚያምረው ጥቂት ስለ ኾነና ቦታውን ስላወቀ ነው። በሩን በሙሉ ወርቅማ ብንቀባው በርነቱ ቀርቶ የሱቅ ማስታወቂያ ይመስላል። በውጭ አገርም ነገሩ ይኸው ነው። እ.ኤ.አ. በ1987 በወጣው «ዋርሃመር 40,000» በተባለው የእንግሊዞች ጨዋታ ውስጥ ኔክሮን የሚባሉ የብረት አጽሞች ሠራዊት አለ። አካላቸው የጠቆረ ብረት ነው፤ በመሣሪያቸው ላይ ግን አረንጓዴ ብርሃን ይበራል። ያችን አንዲት ብርሃን ያየ ሰው ከጠረጴዛው ማዶ ኾኖ የማን ጦር እንደ ኾነ ያውቃል።

ከዚህ ሦስት ነገር እንይዛለን። አንደኛ፣ ማድመቂያው ጥቂት ይኹን። ሁለተኛ፣ በሁሉም ወታደር ላይ በአንድ ዐይነት ቦታ ይዋል። ሦስተኛ፣ ትርጉም ይኑረው። በዚህ ላይ የብረትን ጠባይ ማወቅ ያስፈልጋል። ጥቁር ብረት ቀዝቃዛ መልክ ስላለው ሰማያዊና ደማቅ ያልኾነ አረንጓዴ ይሰጥሙበታል፤ ቀይና ቢጫ ግን ወደ ፊት ይወጣሉ። ነጭ ከሁሉም ይበልጥ ይታያል፤ ሲበዛ ግን ብረቱን ይሸፍነዋል። እንግዲህ የቀረቡትን ሐሳቦች በእነዚህ እንመዝናቸው።

የመጀመሪያው ሐሳብ በእያንዳንዱ ወታደር ትከሻ ላይ አረንጓዴ፣ ቢጫ፣ ቀይ ይቀባ የሚል ነው። ሐሳቡ ከአገር ፍቅር የመነጨ ስለ ኾነ አከብረዋለሁ፤ ግን አልቀበለውም። በአውራ ጣት በምታህል ምስል ላይ እኩል ጕልበት ያላቸው ሦስት ቀለሞች ሲደረደሩ፣ ከርቀት የሚታየው ዝብርቅርቅ ነው። ከዚያም በላይ ሰንደቅ ዓላማ ክብሩ በአንድ ቦታ ከፍ ብሎ ሲታይ ነው። በየትከሻው ሲለጠፍ የልብስ ጌጥ ይኾናል። አንድ ሰንደቅ ያዥ በመካከል ይቁም፤ ሦስቱ ቀለማት በእርሱ እጅ ይታዩ፤ ዐይንም የሚፈልገውን ያገኛል።

ሁለተኛው ሐሳብ ከበድ ያለ ነው። እያንዳንዱ ጦር የመጣበት አገር ዛሬ በሚገኝበት ክልል ባንዲራ ቀለም ይቀባ ይላል። ደጋፊዎቹ ሁለት ምክንያት ያቀርባሉ። አንደኛው የጨዋታ ነው፤ ተጫዋች የንጉሥ ተክለ ሃይማኖትን የጎጃም ጦር፣ የራስ ሚካኤልን የወሎ ጦር፣ የራስ መኰንንን የሐረር ጦር፣ የራስ መንገሻንና የራስ አሉላን የትግራይ ጦር፣ የዋግሹም ጓንጉልን ጦር በአንድ እይታ መለየት አለበት። ሁለተኛው የፍትሕ ነው፤ ሁሉም ወደ ዐድዋ ዘምቶ ሳለ የአንዳንዱ ስም ሲነሣ የሌላው ተረስቷልና፣ ሁሉም በየቀለሙ ይታይ ነው የሚሉት። ሁለቱም ምክንያቶች እውነት አላቸው። መድኀኒቱ ግን ከበሽታው ይብሳል ብዬ እፈራለሁ።

ለምን ቢባል፣ እነዚያ ባንዲራዎች በዐድዋ አልነበሩም። ክልሎች የየራሳቸውን ባንዲራ እንዲኖራቸው የፈቀደው የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት ነው፤ ከድሉ 99 ዓመት በኋላ መኾኑ ነው። ደግሞስ የመድፈኛውን ባልቻ ሳፎን በየትኛው እንቀባዋለን? በተወለደበት አገር፣ ባደገበት የምኒልክ ቤት፣ ወይስ በወደቀው ፊታውራሪ ገበየሁ ጎን ቆሞ በተዋጋበት ቦታ? የሰው ታሪክ በአንድ ቀለም አይታጠርም። ከሁሉ የሚከፋው ደግሞ ይህ ነው፦ የትግራዩን ጦር በአንድ ቀለም፣ የሸዋውንና የወሎውን በሌላ ቀለም ቀብተን ጎን ለጎን ስናቆም፣ የቅርቡን ጦርነት ያየ ተማሪ በጠረጴዛው ላይ የሚያየው ዐድዋን አይኾንም። ሌላ ነገር ያያል። በዚያ ጦርነት ወንድሙን ያጣ ተማሪ በመካከላችን እንዳለ ማንም አይርሳ።

በቀለም መለየት በዐድዋ ጨርሶ አልነበረም ማለቴ ግን አይደለም። ነበረ፤ በወዲያኛው ወገን። ጄኔራል ባራቲየሪ ያሰለፈው 17,000 ገደማ ጦር ውስጥ በሺህ የሚቈጠሩት ከኤርትራ የተመለመሉ አስካሪዎች ነበሩ። ኢጣሊያኖች የአስካሪን ሻለቆች የሚለዩት በወገብ መቀነታቸውና በታርቡሻቸው ጕፍታ ቀለም ነበር። ሰውን በቀለም መድቦ መቁጠር ለአዛዥ ይመቻል። እኛም አስካሪዎቹን በየመቀነታቸው ቀለም እንቀባቸው፤ ታሪኩ እንደዚያ ነበርና። የቅኝ ገዢን የመዝገብ አያያዝ ወደ ራሳችን ሰልፍ ማምጣት ግን ለምን አስፈለገ?

እኔ የምደግፈው ሦስተኛውን ሐሳብ ነው። ለመላው ሠራዊት አንድ ቀለም፣ እርሱም የጃኖ ቀይ። ጃኖ ሰፊ ቀይ ጥለት ያለው ነጭ ሸማ መኾኑን ሁሉም ያውቃል። የዐድዋ ዘማች ልብስ በብዛት ነጭ ሸማ ስለ ነበር፣ ለታሪክ የሚቀርበው ነጭ ነው የሚል ቢኖር እውነቱን ነው። ነገር ግን ነጩን በሙሉ ብናስገባ ጥቁሩ ብረት ይጠፋል። ከሸማው ላይ ጥለቱን ብቻ ወስደን ከግራ ትከሻ ወደ ቀኝ ወገብ አንድ ቀጭን ቀይ መስመር ብናወርድ፣ ብረቱም ሳይሸፈን ልብሱ ይታወቃል። ቀዩ የማያብረቀርቅ ይኹን፤ ከሚያብለጨልጨው ጠርዝ አጠገብ ጨርቅ መስሎ የሚታየው ያን ጊዜ ነው። በጋሻው እምብርት ላይ ደግሞ ነጥብ የምታህል ወርቅማ ትጨመር። ሌላው ሁሉ ጥቁር ይቅር። ለተማሪ ኪስም ቢኾን አንድ ጣሳ ቀይ ከዘጠኝ ጣሳ ልዩ ልዩ ቀለም ይሻላል።

«ጃኖ የመኳንንት ልብስ አይደለም ወይ? ለተራ ወታደር እንዴት ይሰጣል?» ብሎ የጠየቀኝ ጓደኛ አለ። መልሴ፣ እኔ የምወደውም ስለዚሁ ነው የሚል ነው። ስማቸው የተጻፈላቸው ራሶችና ደጃዝማቾች ናቸው። በእግሩ ከሐረር ተነሥቶ ዐድዋ የደረሰው፣ በቅሎ የጫነው፣ እንስራ አዝላ ለተዋጊው ውኃ ያደረሰችው ስማቸው አልተጻፈም። በጠረጴዛችን ላይ የክብሩን ቀይ እነርሱ ይልበሱት። ለራሱም ለበቅሎ ጫኙም መስመሩ አንድ ይኹን።

«ታዲያ ልዩነታችንን ልትሰርዙት ነው» ለሚለው ክስ ደግሞ፣ አይደለም እላለሁ። የአንድነት ስም የሌላውን መልክ ለማጥፋት ያገለገለበትን ጊዜ አገራችን ስላወቀች ክሱ በቸልታ የሚታለፍ አይደለም። ነገር ግን ልዩነት በቀለም ብቻ አይገለጽም። የድሮ ሠዓሊዎቻችን ወገንን በሙሉ ፊት በሁለት ዐይን፣ ጠላትን በጎን በአንድ ዐይን እየሣሉ በቅርጽ ብቻ ይለዩ ነበር። እኛም ቅርጽን እንጠቀም። የራስ ሚካኤል ሰዎች በፈረሶቻቸው ብዛት ይታወቁ። አዛዦቹ በለምድና በጎፈር ይለዩ። የእቴጌ ጣይቱ ጦር እቴጌይቱን ራሷን በመካከሉ ይያዝ። ተጫዋቹ ግራ እንዳይጋባ በእያንዳንዱ ምስል መቆሚያ ጠርዝ ላይ የጦሩ ስም በትንሽ ፊደል ይጻፍ። እንዲህ ከኾነ ቀርቦ የሚያይ ሰው ማን ከየት እንደ መጣ ያነባል፤ ራቅ ብሎ የሚያይም ለምን እንደ መጡ ያያል።

ጓደኞቼ፣ ሐሳቤን የምትቃወሙ ካላችሁ በሚቀጥለው እትም ጻፉ፤ በስብሰባውም ተናገሩ። የተሻለ ምክንያት ከመጣ ቀዩን ጣሳ ለመዝጋት ዝግጁ ነኝ። ብሩሹን ከማንሣታችን በፊት ግን አንድ ጥያቄ እንመልስ፦ በዚህ ጠረጴዛ ላይ የምናቆመው ስንት ሠራዊት ነው? እኔ በበኩሌ አንድ እላለሁ።