ወደ ማህፀን ስንት ሽል ይመለስ?

ልጅ ለማግኘት ለዓመታት የጠበቁ ባልና ሚስት ከማህፀን ውጪ በሚደረግ ፅንሰት ለመታከም ሲወስኑ፣ ብዙውን ጊዜ ጥሪታቸውን አሟጠው ነው። በሬ የሸጠ አለ፤ ከዘመድ የተበደረ አለ፤ በሱቁ ያለውን ዕቃ በርካሽ ያራገፈም አለ። እናም ከብዙ መርፌና ምልልስ በኋላ ሐኪሙ “አራት ሽል ተገኝቷል፤ የምናስገባው ግን አንዱን ነው” ሲላቸው ግራ መጋባታቸው አይቀርም። የተለፋበት ሁሉ ለምን በአንድ ጊዜ አይገባም? ከአራቱ አንዱ ቢያዝ፣ መንታ ቢሆን ደግሞ እሰየው አይደለም ወይ? ጥያቄው ተገቢ ነው፤ መልስም ይሻል።

ጉዳዩ የጥቂት ሰዎች ብቻ አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት እ.አ.አ በ2023 ባወጣው ሪፖርት መሠረት፣ በዓለማችን ከስድስት ሰዎች አንዱ ገደማ በሕይወት ዘመኑ የመካንነት ችግር ይገጥመዋል። በሀገራችን በመንግሥት ተቋም ደረጃ ሕክምናው የተጀመረው በ2011 ዓ.ም. በአዲስ አበባው ቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ሚሊኒየም ሕክምና ኮሌጅ ሲሆን፣ አገልግሎቱን የሚሰጡ የግል ማዕከላትም አሉ። ከክልል ከተሞችና ከገጠር ወደ መዲናዋ የሚጓዙ ባለትዳሮች ስለ ሕክምናው የሚሰሙት ግን በአብዛኛው በወሬ ነው።

በተፈጥሮ ሂደት የሴቷ እንቁላልና የወንዱ ዘር የሚገናኙት በማህፀን ቱቦ ውስጥ ነው። ቱቦው በጊዜው ባልታከመ ኢንፌክሽን ከተዘጋ፣ የወንዱ ዘር ቁጥሩ ካነሰ ወይም እንቅስቃሴው ከደከመ ግንኙነቱ ይስተጓጎላል። በነገራችን ላይ፣ ከመካንነት ችግሮች በግማሽ ያህሉ የወንዱም ድርሻ አለበት። ሚስት ብቻዋን ከሐኪም ሐኪም፣ ከጸበል ጸበል ስትንከራተት ባል ሳይመረመር ዓመታት የሚያልፉበት ልማድ የሚያባክነው ገንዘብን ብቻ ሳይሆን፣ ፈጽሞ የማይመለሰውን የሴቷን የመውለጃ ዕድሜ ጭምር ነው።

በሕክምናው ሴቷ ለአሥር ቀናት አካባቢ መርፌ እየወሰደች በወር አንድ ብቻ ይደርስ የነበረው እንቁላል በርከት እንዲል ይደረጋል። እንቁላሎቹ በአልትራሳውንድ በሚመራ መርፌ ከተወሰዱ በኋላ በላቦራቶሪ ከባሏ ዘር ጋር ይገናኛሉ። ከዚህ የሚገኘው ጅምር ፅንስ ሽል ይባላል። በሦስተኛው ቀን ከስድስት እስከ ስምንት ሕዋሳት ይኖሩታል፤ በአምስተኛው ቀን መቶ ገደማ ይደርሳሉ። እንዲያም ሆኖ መጠኑ የአንዲት ጤፍ ፍሬን አንድ አምስተኛ ያህል ቢሆን ነው።

ላምን በሰው ሠራሽ ዘዴ ማስዳቀል ለአርሶ አደሮቻችን እንግዳ ባለመሆኑ ሁለቱን አንድ አድርጎ የማየት ነገር አለ። ልዩነቱ ግን ግልጽ ነው። ወደ ላሟ የሚገባው የኮርማ ዘር ሲሆን ፅንሰቱ የሚፈጸመው በውስጧ ነው። እዚህ ግን ወደ ማህፀን የሚመለሰው ፅንሰቱ ውጪ የተጀመረ ሽል ነው።

ሽሉን የማስተላለፉ ተግባር ብዙዎች የሚፈሩትን ያህል ከባድ አይደለም። ሴቷ ለተለመደ የማህፀን ምርመራ እንደምትተኛ ትተኛለች፤ ሐኪሙ በአልትራሳውንድ እየተመለከተ በቀጭንና ለስላሳ ቱቦ ሽሉን ከጥቂት ፈሳሽ ጋር ማህፀኗ ውስጥ ያስቀምጣል። አስቀድማ ውኃ እንድትጠጣ የሚነገራት ፊኛዋ ሲሞላ ምስሉ ጥርት ስለሚል ነው። ቢላ የለም፤ ማደንዘዣም በአብዛኛው አያስፈልግም፤ ሥራው በደቂቃዎች ያልቃል።

ከዚያ በኋላ የሚመጣው ስጋት “ብነሳ ይወድቅብኛል” የሚለው ነው። የማህፀን ግድግዳዎች እርስ በርሳቸው የተጠጉ ናቸው። ሽሉ በመካከላቸው የሚቀመጠው ተደራርበው በተቀመጡ ሁለት እንጀራዎች መሃል እንደገባች የጤፍ ፍሬ ነው ቢባል ከእውነታው አይርቅም። መነሳት፣ መራመድ፣ ሽንት መሽናት፣ በመኪና መጓዝ አያወርደውም። ለቀናት አልጋ ላይ መዋል እንደሚጠቅም ቀድሞ ይታመን ነበር፤ በጥናት ሲፈተሽ ግን ጥቅም አልተገኘበትም። ይልቅስ አደጋ የሚያመጣው ሌላ ነገር ነው። ሁለት ሳምንት ያህል በሚፈጀው የጥበቃ ጊዜ ጥቂት ደም ያየች ሴት “አልቋል” ብላ የታዘዘላትን መድኃኒት ታቋርጣለች። ጥቂት ደም መታየቱ እርግዝናው አለመያዙን አያረጋግጥም። ቁርጡ የሚታወቀው ሐኪሙ በቀጠረው ቀን በሚደረገው የደም ምርመራ ነው። ውጤቱ ባያምር እንኳ ምክንያቱ አብዛኛውን ጊዜ በሽሉ የዘር ውርስ ላይ ያለ ጉድለት ነው፤ ሴቷ ስለሠራችው ወይም ስላነሳችው ነገር አይደለም። አማትም ጎረቤትም ይህን ቢያውቁ መልካም ነበር።

አሁን ወደ ቁጥሩ ጥያቄ እንመለስ። የመጀመሪያዋ በዚህ መንገድ የተፀነሰች ልጅ፣ እ.አ.አ በ1978 በእንግሊዝ ኦልድሃም ከተማ የተወለደችው ሉዊዝ ብራውን፣ የተገኘችው ከአንድ እንቁላልና ከአንድ ሽል ነው። ብዙ ሽል በአንድ ጊዜ ማስገባት የተለመደው እንቁላል የሚያበዙ መድኃኒቶች ከተስፋፉ በኋላ ነው። ምክንያቱም የመያዝ ዕድሉ አነስተኛ ነበር፤ ዛሬም ቢሆን በብሪታንያ ዕድሜያቸው ከ35 ዓመት በታች በሆኑ ሴቶች ከሚተላለፉ ሽሎች በልደት የሚጠናቀቁት አንድ ሦስተኛ ገደማ ናቸው። ከ40 ዓመት በኋላ ደግሞ በራሷ እንቁላል የመውለድ ዕድሏ በፍጥነት ያሽቆለቁላል።

ችግሩ፣ የገቡት ሁሉ የሚይዙበት ጊዜ መኖሩ ነው። መንታ በባህላችን በረከት ነው፤ ይህን ማንም አይክድም። ነገር ግን ከመንታ እርግዝናዎች ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ከ37 ሳምንት በፊት ይወለዳሉ፤ ሦስት ሲሆኑ ደግሞ ሁሉም ለማለት ይቻላል ያለጊዜያቸው ይመጣሉ። ለእናቲቱም የደም ግፊትና ከወሊድ በኋላ የሚከሰት የደም መፍሰስ አደጋ ይጨምራል። ሽሉ የገባው በአዲስ አበባ ቢሆንም፣ ምጡ በሰባተኛው ወር በድንገት የሚመጣው እናቲቱ በምትኖርበት ወረዳ ነው። የጨቅላ ሕጻናት ፅኑ ሕክምና ክፍል ያለው ሆስፒታል ከዚያ በሰዓታት መንገድ ሊርቅ ይችላል። በዓመታት ልፋት የተገኘ ልጅ በአምቡላንስ ጥበቃ የሚታጣው እንዲህ ባለው ጊዜ ነው።

“አንድ ብቻ ቢገባ ዕድላችን ይቀንሳል” ለሚለው ስጋት እ.አ.አ በ2004 ከ36 ዓመት በታች በሆኑ ሴቶች ላይ ተደርጎ ይፋ የሆነው የስካንዲኔቪያ ጥናት መልስ አለው። ሁለት ሽል በአንድ ጊዜ ከገባላቸው ሴቶች 42.9 በመቶው ወለዱ። በመጀመሪያ አንድ፣ ካልተሳካ ደግሞ በበረዶ የቆየ ሌላ አንድ ከገባላቸው 38.8 በመቶው ወለዱ። ልዩነቱ ጠባብ ነው። በሁለት ከወለዱት ግን ሲሶው መንታና ከዚያ በላይ ሲሆን፣ በአንድ በአንድ ከወለዱት 0.8 በመቶ ብቻ ነበር። ስዊድን እ.አ.አ ከ2003 ጀምሮ አንድ ሽል ማስተላለፍን መደበኛ አሠራር ስታደርግ የመንታ ወሊዱ ከሕክምናው ወሊዶች ወደ 5 በመቶ ገደማ ወረደ፤ የሚወልዱ ሴቶች ቁጥር ግን ያን ያህል አልቀነሰም።

ይህን የሚያስችለው ቀሪ ሽሎችን ማቆየት መቻሉ ነው። አዳቃይ ባለሙያው ይዞት የሚመጣውን፣ ክዳኑ ሲከፈት ጉም የሚተፋውን ዕቃ ያየ አርሶ አደር ነገሩን አይስተውም። በውስጡ ያለው ፈሳሽ ናይትሮጅን ከዜሮ በታች 196 ዲግሪ ይቀዘቅዛል፤ የሰው ሽልም የሚቆየው በዚሁ ነው። ከዚህ የሚወጣው ሽል ለማስተላለፍ መርፌውና እንቁላል የመውሰዱ ሂደት አይደገምም፤ ወጪውም ከመጀመሪያው ዙር በእጅጉ ያንሳል። ሴቷ በዕድሜ ከገፋች ወይም ሙከራው ደጋግሞ ከከሸፈ ግን ሐኪሙ ሁለት ለማስገባት ሊወስን ይችላል፤ ሕጉ ለሁሉም አንድ ዓይነት አይደለም።

እውነቱን ለመናገር ቤተሰቡን “ሁሉንም አስገቡልን” የሚያሰኘው አለማወቅ ብቻ ሳይሆን ገንዘብ ነው። ሁለተኛ ዙር የመክፈል አቅም የሌለው ሰው በአንድ ጊዜ ሁሉንም መሞከሩ ያስኬዳል። ቤልጂየም እ.አ.አ በ2003 ይህን ተረድታ፣ መንግሥት እስከ ስድስት ዙር የላቦራቶሪ ወጪ እንዲሸፍን፣ ከ36 ዓመት በታች ያሉ ሴቶችም በመጀመሪያው ዙር አንድ ሽል ብቻ እንዲገባላቸው ደነገገች። ለሀገራችን ያን ያህል ሩቅ ሊመስል ይችላል። ያለ ብዙ ወጪ የሚቻል ነገር ግን አለ፤ ማዕከላቱ በዓመት ስንት ሽል እንዳስተላለፉ፣ ስንቱ ለልደት እንደበቃና ስንቱ መንታ እንደሆነ ለሕዝብ ማሳወቅ። ባለትዳሮችም ገንዘብ ከመክፈላቸው በፊት ቀሪ ሽል ይቀመጥ እንደሆነ፣ የዓመት ማስቀመጫው ስንት እንደሆነ፣ ሳይፈለግ ሲቀርም ምን እንደሚደረግ በጽሑፍ ሊጠይቁ ይገባል። የመጨረሻው ጥያቄ ከእምነት ጋር ስለሚያያዝ ባልና ሚስት ከንስሐ አባታቸው ወይም ከሃይማኖት አስተማሪያቸው ጋር የሚመክሩበት ጊዜ ሽሉ ከመፈጠሩ በፊት ነው።