መዝገብ የሌለው ዋንጫ

ባሕር ዳር፣ ፋሲሎ ውስጥ፣ ከዋናው አስፋልት በአንድ ጠባብ ቅያስ ገባ ብሎ፣ በረንዳው ላይ ሸራ የተወጠረበት ፑል ቤት አለ። ጠረጴዛው አንድ ብቻ ነው። አረንጓዴው ጨርቅ ሁለት ቦታ ተቀዶ ተለጥፏል፤ ከአንደኛው እግር ሥር የታጠፈ ካርቶን ተወትፏል። ግድግዳው ላይ የተሰቀለችው ትንሽ ጥቁር ሰሌዳ የባለ ተራዎችን ስም ትይዛለች። ያሸነፈ ይቆያል፤ የተሸነፈ ከፍሎ ይወርዳል። ዳኛ የለም።

ባለፈው ሰሞን አመሻሽ ላይ ቆሜ ሳይ፣ ቢበዛ አሥራ ሰባት ዓመት የሚሆነው ልጅ ጥቁሯን ኳስ ለማስገባት አጎንብሶ ነበር። ሲያነጣጥር የሸሚዙ እጅጌ አጠገቡ የነበረችውን ኳስ ነካ አደረጋት። ከቦታዋ የፀጉር ስፋት ያህል ብትነቃነቅ ነው። ባላጋራው ስልኩ ላይ አቀርቅሯል፤ ከቆምነውም ያየ የለም። ልጁ ቀና ብሎ "ነክቻታለሁ" አለና ተራውን አሳለፈ። ከተራው ጋር ጨዋታውም አለፈው። የጠረጴዛውን ሒሳብ ከኪሱ አውጥቶ ከፈለና ወረደ። ያጨበጨበ ሰው አልነበረም። አንድ አዛውንት ብቻ "ጨዋ ልጅ ነው" ብለው ወደ ሻያቸው ተመለሱ።

ከዚያ ወዲህ ስለ ሽልማት ሲወራ በሰማሁ ቁጥር ይህ ልጅ ትዝ ይለኛል። ዛሬ የምነቅፈውም በዓመቱ መጨረሻ መድረክ አቁሞ "የዓመቱ ምርጥ" እያሉ ዋንጫ የማደሉን ልማድ ነው። ልማዱ ከውጭ ገባ፤ እኛ ዘንድም ተባዛ። አንድ ነገር ግን ሳይመጣ ቀረ፤ መዝገቡ።

ከፑል የአክስት ልጅ ልጀምር። ስኑከር 12 ጫማ በሚረዝም ጠረጴዛ ላይ፣ በ15 ቀይና በ6 ባለቀለም ኳሶች የሚደረግ ጨዋታ ነው። በአንድ ተራ ጠረጴዛውን ሙልጭ አድርጎ ያጸዳ ሰው በተለመደው መንገድ የሚደርስበት ጣሪያ 147 ነጥብ ነው። ዳኛው ያላየውን ጥፋት ራሱ ተጫዋቹ መናገሩ የቆየ ሥርዓታቸው ነው፤ የፋሲሎው ልጅ ያደረገው እነሱ ዘንድ የሙያው ክብር ይባላል። የውድድር ዘመኑ ሲያበቃ ደግሞ ሽልማት አለ፦ የዓመቱ ተጫዋች፣ የዓመቱ አዲስ ተጫዋች፣ የጋዜጠኞች ምርጫ፣ የተመልካቾች ምርጫ፣ የዓመቱ ድንቅ ብቃት፤ በላዩም እ.ኤ.አ. በ2011 የተከፈተው የክብር መዝገብ።

ጥያቄዬ ቀላል ነው። ስኑከርን ያህል ተቆጥሮ የሚያድር ጨዋታ ስንት አለ? እያንዳንዱ ኳስ ዋጋ አለው። አንድ ተጫዋች በአንድ ተራ 100 ነጥብ በደረሰ ቁጥር በስሙ ይመዘገባል። የዓለም ደረጃ የሚወጣው ባለፉት ሁለት ዓመታት ለደረጃ በሚያዙ ውድድሮች የተገኘው የሽልማት ገንዘብ ተደምሮ ነው፤ የማንም አስተያየት አይጨመርበትም። እንግዲህ የሽልማት ኮሚቴው የዓመቱን ምርጥ ሲመርጥ ከሁለት አንዱን ያደርጋል። ወይ ጠረጴዛው የተናገረውን ይደግማል፤ ያ ትርፍ ነገር ነው። ወይ ጠረጴዛው የተናገረውን ይሽራል፤ ያኔ ደግሞ "ማን ሾማችሁ?" ብሎ መጠየቅ ይገባል።

ጠረጴዛው የሰው ታሪክ አይጠይቅም። ቻይናዊው ዣኦ ሺንቶንግ እ.ኤ.አ. በ2023 ከውርርድና ከተሸጡ ጨዋታዎች ጋር በተያያዘ ከተቀጡት 10 ተጫዋቾች አንዱ ነበር። ራሱ ጨዋታ አልሸጠም፤ 20 ወር ግን ታገደ። ቅጣቱን ጨርሶ እንደ አማተር ከማጣሪያው ጀመረ፤ በ2025 ሼፊልድ ላይ በፍጻሜው ማርክ ዊሊያምስን 18 ለ12 አሸንፎ ከእስያ የመጀመሪያው የዓለም ሻምፒዮን ሆነ። ከዚያ ውድድር በፊት የዓመቱን ምርጥ በድምፅ ምረጡ ቢባል ኖሮ ስሙን ለማንሣት የሚደፍር ብዙ አይገኝም ነበር። ኳሶቹ ግን ያፈሩበት ነገር የለም፤ ቀዳዳው ውስጥ ገቡ።

የሌላውን ወገን ክርክር አውቀዋለሁ፤ ጠንካራ ጎኑንም አልደብቅም። "ቁጥር ሁሉን አይናገርም" ይላሉ። እውነት ነው። የስኑከር ተጫዋቹ ጂሚ ዋይት ስድስት ጊዜ ለዓለም ሻምፒዮና ፍጻሜ ደርሶ ስድስቱንም ተሸንፏል። እ.ኤ.አ. በ1994 ጨዋታው 17 ለ17 ሆኖ፣ በመጨረሻው ዙር እየመራ ሳለ፣ ሌላ ቀን ዓይኑን ጨፍኖ የሚያስገባትን ጥቁር ሳተ። ሕዝቡ ግን ከብዙ ሻምፒዮን አብልጦ ወደደው፤ የብሪታንያ ዘውድም በ1999 ኒሻን ሰጠው። ተመልካች "የምወደው ይህን ነው" ብሎ ድምፁን ቢሰጥ አልቃወምም። ፍቅር ፍቅር ተብሎ ይጠራ። ጥፋቱ የሚመጣው ፍቅር የብቃት ካባ ለብሶ መድረክ ሲወጣ ነው።

ሌላው በሽታ መዘግየት ነው። አሌክስ ሂጊንስ እ.ኤ.አ. በ1972 እና በ1982 የዓለም ሻምፒዮን ነበር፤ ስኑከርን ከጭስ ከታፈነ ክበብ አውጥቶ የቴሌቪዥን ጨዋታ ካደረጉት ሰዎች ግንባር ቀደሙ ነው። ጠባዩ አስቸጋሪ እንደነበረም አይካድም። በጉሮሮ ካንሰር ተጎሳቁሎ፣ ገንዘቡ አልቆ፣ እ.ኤ.አ. ሐምሌ 2010 ቤልፋስት ውስጥ ብቻውን በሚኖርበት ቤት ሞቶ ተገኘ። የክብር መዝገቡ በዓመቱ ሲከፈት ስሙ ከመጀመሪያዎቹ ጋር ገባ። የኛ ሰው "የሞተ ልጅ አንገቱ ረጅም ነው" ያለው ለዚህ ነው።

ያም ሆኖ እነሱ መዝገቡ አላቸው። ሽልማታቸው ቢሳሳት እንኳ የሚያርመው ቁጥር መደርደሪያ ላይ ተቀምጧል። እኛ መድረኩን፣ መብራቱን፣ ቀዩን ምንጣፍና ባለ ብርጭቆውን ዋንጫ ወስደን መደርደሪያውን እዚያው ተውነው።

ልዩነቱን በእግር ኳሳችን ማየት ይቻላል። የፕሪሚየር ሊጉ ዓመት ሲያልቅ ኮከብ ግብ አግቢ እና ኮከብ ተጫዋች ይሸለማሉ። የመጀመሪያው ይቆጠራል፤ ሁለተኛው ይመረጣል። በ2013 ዓ.ም. የውድድር ዘመን፣ ሊጉ ከከተማ ከተማ እየተዘዋወረ እዚህ ባሕር ዳርም በሰፈረበት ዓመት፣ የኢትዮጵያ ቡናው አቡበከር ናስር 29 ግብ አስቆጥሮ የጌታነህ ከበደን የ25 ግብ ክብረ ወሰን ሰበረ። ዋንጫውን የወሰደው ፋሲል ከነማ ነው፤ የፋሲል ደጋፊ ግን ከቡና ደጋፊ ጋር በ29 ላይ አይከራከርም። "ኮከብ ተጫዋች ማን ነበር?" ብላችሁ ቡና ቤት ውስጥ ጠይቁ፤ ወንበር ይነሣል። ከዓመታት በኋላም ተሟጋቾቹን የሚያስማማቸው ያ የተቆጠረው ነው።

ስፖርቱ ቢያንስ ግማሹን ይቆጥራል። የቀረው ሽልማታችን ግን እንዲያው በደፈናው ነው። በአጭር የስልክ መልእክት ድምፅ ስጡ ይባላል፤ መልእክቱ በገንዘብ ስለሆነ ዘመድ የበዛለትና ካርድ የሚሞላለት ያሸንፋል። የስፖንሰሩ ሥራ አስኪያጅ ዋንጫ ይሰጣል፤ እሱም በተራው ዋንጫ ይሰጠዋል። መስፈርቱን የጠየቀ ሰው ምቀኛ ነው።

አንድ ጊዜ ስሙን የማላነሣው መሥሪያ ቤት የዕውቅና ምሽት ላይ ተጋብዤ ነበር። ከታዳሚው ተሸላሚው ይበዛል። ስም ሲጠራ፣ ሲጨበጨብ፣ ፎቶ ሲነሣ ሦስት ሰዓት ሄደ። እኔም አንድ ሰርተፊኬት ደረሰኝ። ቤቴ ገብቼ ሳየው የሌላ ሰው ስም ተጽፎበታል። በማግስቱ ባለቤቱን ፈልጌ አገኘሁት፤ የኔን ይዞ ኖሯል፤ ግን ልብ አላለም። እንዴት ይበል? ከስሙ በታች ያለው ቃል የሁላችንም አንድ ነው፦ "ላበረከቱት የላቀ አስተዋጽኦ።" የትኛው አስተዋጽኦ? መቼ? የት? የተጻፈ ነገር የለም። ቆመን ተለዋወጥን፤ ሁለታችንም ሳቅን። እኔ ግን መንገድ ላይ ሳቄ ጠፋ። እኔና እሱ የሠራነው ሥራ ፈጽሞ አይገናኝም፤ ወረቀቱ ግን ለሁለታችንም እኩል ልክ ሆነ።

ይህ የአባቶቻችን ልማድ ነው የሚለኝ ካለ አልቀበለውም። ዘራፍ ብሎ የተነሣ ፎካሪ በደፈናው "ጎበዝ ነኝ" አይልም ነበር። የዋለበትን ቦታ ይጠራል፤ የገጠመውን ይጠራል፤ ያን ቀን አብሮት የዋለ ሰው እዚያው ተቀምጦ ይሰማዋል። ውሸት ከጨመረ እዚያው ይዋረዳል። ፉከራ የቃል መዝገብ ነበር ማለት ነው። ጣና ዳር ደንገል ጠፍሮ ታንኳ የሚሠራ ሰውም ምርጥነቱን ለማወቅ ኮሚቴ አያስፈልገውም። ታንኳው ከዘጌ እንጨት ጭኖ ባሕር ዳር ከደረሰ ውሃው መስክሮለታል፤ ካልደረሰም መስክሮበታል።

ከአበበ ቢቂላ የበለጠ የተሸለመ ስፖርተኛ ማን ነው? ከቶኪዮ ኦሊምፒክ ሲመለስ ማዕረግ፣ የዳግማዊ ምኒልክ ኒሻን፣ ቤትና ቮልስዋገን መኪና ተሰጥቶታል፤ ይገባዋልም። ግን እ.ኤ.አ. በ1964 ቶኪዮ ስታዲየም፣ የሽልማቱ ሥነ ሥርዓት ላይ የሆነውን እናስታውስ። የሙዚቃ ጓዱ የኢትዮጵያን መዝሙር አያውቀውምና የጃፓንን መዝሙር ተጫወተ። በዓለም ትልቁ መድረክ ላይ፣ ለዓለም ትልቁ ሯጭ፣ ሥነ ሥርዓቱ ተሳሳተ። ያልተሳሳተው ሰዓቱ ነው፦ 2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11 ሰከንድ፤ የዓለም ክብረ ወሰን። ዛሬ የመኪናውን ቀለም የሚያስታውስ ጥቂት ነው፤ ሰዓቱን ግን ማንም አይፍቀውም።

"ታዲያ ምን ይጎዳል? ሰው ቢደሰት ምናለበት?" ይሉኛል። ይጎዳል። አንደኛ፣ ክብር እንደ ብር ኖት ነው፤ ያለ ልክ ሲታተም ይረክሳል። በየወሩ "የላቀ" የሚባል ሰው ከበዛ፣ በእውነት የላቀው ሲመጣ የምንጠራበት ቃል ያልቅብናል። ሁለተኛ፣ ዋንጫ የዕዳ ማምለጫ ሆኗል። ባለሙያው ደመወዝ ሲጠይቅ ሰርተፊኬት፣ ወጣቱ መጫወቻ ሜዳ ሲጠይቅ የዕውቅና ምሽት ይሰጠዋል። ሦስተኛና ከሁሉ የከፋው፣ ልጆቻችን ሥራ ማለት መታየት እንደሆነ ይማራሉ። ማንም ሳያየው "ነክቻታለሁ" ያለው ልጅ በዚህ ሚዛን ሞኝ ነው። ዝም ብሎ ጥቁሯን አስገብቶ ቢሆን አሸናፊ ነበር፤ አሸናፊ ደግሞ ይሸለማል።

ሽልማት ሁሉ ይቅር አልልም። ከ2005 ዓ.ም. ጀምሮ የቆየው የበጎ ሰው ሽልማት በዘርፍ ተከፍሎ፣ ከሕዝብ ጥቆማ ተቀብሎ፣ በዳኞች አጣርቶ ይሠራል፤ ቢያንስ "ይህ ሰው ምን ሠራ?" ለሚል ጥያቄ መልስ ይዞ መድረክ ይወጣል። ሌሎቹም ይህን ይልመዱ። የምለው አንድ ነገር ነው፤ መዝገብ ይቅደም፣ ዋንጫ ይከተል። ተሸላሚው የሠራው፣ የሠራበት ቀንና ቦታ፣ የመረጡት ሰዎች ስምና የመረጡበት ምክንያት በጽሑፍ ይውጣ። ይህን መጻፍ ያቃተው ሸላሚ መድረክ አያቁም።

ባሕር ዳር ውስጥ የፑል ውድድር አዘጋጅተን የዓመቱን ምርጥ እንሸልማለን የምትሉ ካላችሁም ምክሬ አጭር ነው። አዳራሹን ለጊዜው ተዉት። የዋንጫውን ሩብ በማይሞላ ገንዘብ ለየፑል ቤቱ አንድ አንድ ወፍራም ደብተር ግዙ። ማን ከማን ጋር ተጫወተ፣ ስንት ለስንት፣ በየትኛው ቀን፤ ይጻፍ። በዳር በኩል አንድ ጠባብ አምድ ተዉና ራሱ ላይ ጥፋት የተናገረ ተጫዋች ስም እዚያ ይግባ። ዓመቱ ሲያልቅ ደብተሩን ግለጡ፤ ኮሚቴ ሳይሰበሰብ፣ ድምፅ ሳይሸጥ፣ መልሱ እዚያው ይገኛል።

እስከዚያው ግን ያቺ የፋሲሎ ሰሌዳ ቤቱ ሲዘጋ በእርጥብ ጨርቅ ትጠረጋለች። ያን ዕለትም ተጠርጋለች።