የገጠሯ ቤተ ክርስቲያን የፎቶ ስቱዲዮ አይደለችም፤ የድሃ መደበቂያም አይደለችም

ወዳጆቼ፣ ረዘም ያለ ጽሑፍ ነው። ጊዜ የሌለው ይለፈው፤ ቅር አይለኝም።

ከዳግማይ ትንሣኤ በኋላ ላገባ ነው። እልልታውን ትንሽ አቆዩልኝ፤ መጀመሪያ ጭቅጭቁን ልንገራችሁ። እኔና እጮኛዬ ሥርዓተ ተክሊላችንን የምንፈጽመው ዘመዶቻችን ባሉባት ደብረ ብርሃን አይደለም። እዚሁ መንዝ፣ እናቴ ክርስትና በተነሣችባት፣ ከመኪና መንገድ የአንድ ሰዓት ተኩል የእግር መንገድ ባላት ትንሽ የገጠር ቤተ ክርስቲያን ነው። ይሄን ለቤተሰብ የተናገርን ቀን አክስቴ ነጠላዋን አፏ ላይ ያዝ አድርጋ፣ «ምነው ልጄ፣ ምን አጥፍተህ ነው ተደብቀህ የምታገባው?» አለችኝ። በማግሥቱ ትምህርት ቤት አንዱ ባልደረባዬ ሲሰማ ደግሞ፣ «አሪፍ ነው ባክህ! ድሮን ብቻ አትርሳ፤ ፎቶው ጉድ ነው የሚሆነው» አለኝ።

ሁለቱም አበሳጩኝ። ዛሬ የምመልሰው ለሁለቱም ነው።

ስለ ቦታዋ ትንሽ ልበል። ስሟን አልጽፍም፤ ምክንያቱን ወደ ታች ታገኙታላችሁ። ክብ ናት፤ ግድግዳዋ ድንጋይ ነው። ቅኔ ማኅሌት፣ ቅድስትና መቅደስ አላት፤ ግን ሁሉም ተደምሮ የእኛን ሁለት መማሪያ ክፍል ቢያክል ነው። የመቅደሱ ግድግዳ ላይ በጨርቅ የተሳሉ የጥንት ሥዕሎች ተለጥፈዋል። ደጇ ላይ የድንጋይ ደወል ተሰቅሏል። ዙሪያዋን ጽድና ኮሶ ከቧታል፤ ከዚያ አጥር ውጭ እስከ አድማስ የገብስ ማሳ ነው እንጂ ዛፍ የሚባል አይታይም።

ታሪክ ነው የማስተምረው። ታሪካዊ ቤተ ክርስቲያን ጥሩ ስላቸው ተማሪዎቼ ላሊበላንና ጎንደርን ይጠሩልኛል። ልክ ናቸው። ግን ጋይንት ያለችውን ቤተልሔምን አስቧት። ከውጭ ላያት ክብ የገጠር ቤተ ክርስቲያን ናት፤ ውስጧ ግን እጅግ ጥንታዊ የድንጋይና የእንጨት ሕንጻ አለ። የድጓ ምስክር ቤትም ናት፤ ከየሀገሩ ዜማ ሊያስመሰክሩ የሚሄዱባት። እንዲህ ያለችውን ቤት ያኖራት ጎብኚ አይደለም፤ የሚቀድስባትና የሚማርባት ሰው ነው። ይቺን ነገር ያዙልኝ፤ እመለስባታለሁ።

መጀመሪያ «ገጠር ማግባት ውርደት ነው» ለምትሉት።

ተክሊል ምሥጢር ነው። ቀለበቱ ይባረካል፣ ቅብዓቱ ይቀባል፣ አክሊሉ በራሳችን ላይ ይደፋል፣ ይቀደሳል፣ ሥጋ ወደሙን እንቀበላለን። ከዚህ ውስጥ 400 ሰው የሚጠይቀው የቱ ነው? ሕጉም ቢሆን እኮ፣ በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ በሃይማኖት ሥርዓት የተፈጸመ ጋብቻን ይቀበላል። አስመዝግቡ ይላል እንጂ የአዳራሹን ስፋት አይጠይቅም።

ለአዳራሽ የተጠየቅነው 90,000 ብር ነው። ምግቡ፣ ዲኮሩ፣ ቪዲዮው፣ መኪናው ሳይጨመር። እኔ መምህር ነኝ፤ ይሄ ብር ለእኔ ደሞዝ ከባድ ነው። አብሮኝ የሚያስተምር አንድ ጓደኛዬ አለ፤ ልጁ ዛሬ ቆሞ ይሄዳል፣ የአባትየው የሰርግ ዕዳ ግን አላለቀም። ዕቁብ የደረሰው ቀን ብሩን ቆጥሮ ለአበዳሪው ሲያስረክብ በዓይኔ አይቻለሁ። ከዚህ በላይ ምን ውርደት አለ?

እውነቱን ለመናገር ግን አክስቴን ያንገበገባት ሌላ ነው። ሦስት ቀን ካኮረፈችኝ በኋላ ተናገረችው። «እኔ ሃያ ዓመት ሙሉ የሰው ሰርግ ስደግስ፣ ሽንኩርት ስከትፍ፣ እንጀራ ስጋግር ኖሬ፣ የእኔ ቀን ሲመጣ ገደል ገብተህ ታገባለህ?» አለችኝ። ለዚህ መልስ አልነበረኝም። ብድር የሚመለስበት ቀን ነው ለእሷ። ስለዚህ መልሱን እሷ ግቢ፣ በድንኳን፣ በእሷ ጠላ እናደርጋለን ተባብለን ታረቅን። ለብድሩ ተሸንፌያለሁ። ለአዳራሹ ግን አልሸነፍም።

አሁን ወደ ሁለተኞቹ። እውነቴን ነው፣ ከአክስቴ ይልቅ ያናደዳችሁኝ እናንተ «አሪፍ ፎቶ» ባዮቹ ናችሁ።

አምና ጥር ላይ ሁለት መኪና ሙሉ ሰው ከከተማ መጥቶ ነበር። ሙሽሮች ናቸው። የተጋቡት ሌላ ቦታ ነው፤ እዚህ የመጡት ለፎቶ ብቻ። ድሮኑ ሲነሣ የሚያርሱ በሬዎች ደንብረው ቀንበር ሰበሩ። ከበሮውን ከተሰቀለበት አውርደው ሙሽራዋ ጭን ላይ አስቀመጡት። አንድ ሽማግሌ «ልጆቼ፣ ሥዕሉ ላይ ያን መብራት አታብሩበት» ቢሏቸው፣ «አንድ ጊዜ ብቻ አባባ» እያሉ ሃያ ጊዜ አበሩበት። ሲወጡ 200 ብር ሰጡ። ፎቶው ፌስቡክ ላይ ሲወጣ ሥሩ የተደረደረውን የልብ ምልክት አልቆጠርኩትም። ስሟን የማልጽፈው ለዚህ ነው። የሚቀጥለው ድሮን በእኔ ምክንያት እንዳይመጣ።

«ታዲያ አንተስ ምን ልዩ ያደርግሃል?» ትሉኝ ይሆናል። ጥሩ ጥያቄ ነው። እኔም መጀመሪያ ከነሱ ብዙ አልሻልም ነበር። ቦታዋ አምራኝ ነው፣ የእናቴ ናት ብዬ ነው፣ ወጪም ይቀንሳል ብዬ ነው። ዓይኔን የገለጡልኝ ቄሰ ገበዙ ናቸው።

ከእጮኛዬ ጋር ሄደን ጉልበታቸውን ስመን፣ «አባታችን፣ እዚህ ልንጋባ ነው ያሰብነው፤ ይፍቀዱልን» አልናቸው። ደስ ብሏቸው መረቁን። ከዚያ ዝም አሉ። ቆይተው፣ «ማግባቱንስ አግቡ ልጆቼ፤ የሚቀድስ ከየት ላምጣ?» አሉን።

በቤተ ክርስቲያናችን ሥርዓት ቅዳሴ ከአምስት ልዑካን በታች አይቀደስም። ሁለት ቀሳውስት፣ ሦስት ዲያቆናት። እዚያ ያሉት ቄሰ ገበዙና አንድ ዓይናቸው የደከመ ቄስ ናቸው። ከዲያቆናቱ አንዱ ለቀን ሥራ አዲስ አበባ ወርዷል። አንዱ አለ። ሦስተኛውን ስሙን ሲጠሩልኝ ደነገጥኩ፤ የእኔ ተማሪ ነው። 9ኛ ክፍል፣ ከኋላ ሁለተኛው ረድፍ። ከተማ ቤት ተከራይቶ ይማራል፤ ቅዳሜና እሑድ ኪራዩን ለመክፈል ሸክም ይሠራል። ክፍል ውስጥ ሲያንቀላፋ ስንቴ ተቆጥቼዋለሁ! እሑድ እሑድ እናቴ የተጠመቀችባት ቤተ ክርስቲያን ሳይቀደስባት የሚውለው እሱ እኔ ያለሁባት ከተማ ሲሚንቶ ስለሚሸከምም ነው። እኔ ደግሞ እዚያች ቤት ልዳር ነው የሄድኩት።

ጣሪያውንም አሳዩን። የቆርቆሮው ምስማር ላልቷል፤ ክረምት ውኃው የሚወርደው በሥዕሉ በኩል ነው። ሥዕሉ ላይ አሁን ቡናማ መስመር አለ። የዛሬ አሥር ዓመት ሳየው አልነበረም።

መንዜዎች ይቺን አትረሷትም፤ ለሌላው ላስረዳ። ድሮ የዚህ አገር ጣሪያ የሚከደነው በጓሳ ሣር ነበር። ጓሳው «ቄሮ» በሚባል ያባቶች ሥርዓት (ከፖለቲካው ጋር አታገናኙት) ይጠበቅ ነበር። ለዓመታት ይከለላል፣ ሹሞቹ ሲወስኑ ለአጨዳ ይከፈታል፣ ከዚያ መልሶ ይዘጋል። የ1967ቱ የመሬት አዋጅ ሲመጣ ሥርዓቱ ፈረሰ፤ ያም ሆኖ ሕዝቡ በሌላ መልክ አደራጅቶት ጓሳ ዛሬም አለ። ለምን ቆየ? ስላማረ ነው? አይደለም። አጭዶ የሚከድንበት፣ በተራው የሚጠብቀው ባለቤት ስላለው ነው። ቤተ ክርስቲያንም እንደዚያው ናት። የሚያደንቃት ሳይሆን የሚቀድስባት፣ የሚያገባባት፣ ልጁን የሚያስጠምቅባት ሰው ነው የሚያኖራት። «ታሪካዊ ናት» እያልን በፎቶ ብናደንቃት፣ ሰው የሌላት ቀን ታሪኳ ብቻ ይቀራል።

ስለዚህ የወሰንነው ይሄን ነው። የአዳራሹን 90,000 ብር አንበደርም። ለድግስ ካጠራቀምነው ግማሹ ለጣሪያው ቆርቆሮና ምስማር ይገባል። የዚያን ልጅ የቤት ኪራይ እኔና ሁለት ባልደረቦቼ ተካፍለን እስከ 12ኛ ክፍል እንከፍላለን፤ እሱ እሑድ ይቀድሳል፣ ሰኞ ክፍል ውስጥ አያንቀላፋም። ለዕለቱ ከአጎራባች ደብር ዲያቆን ይመጣልናል። በየዓመቱ ለንግሥ እንሄዳለን። እግዚአብሔር ልጅ ከሰጠንም ወንድ ከሆነ በ40 ቀኑ፣ ሴት ከሆነች በ80 ቀኗ እዚያው ናት የምትጠመቀው።

«ሽማግሌ በእግር አይችልም» ለምትሉ፣ እውነት ነው። በቅሎ ተነጋግረናል፤ ያልቻለ መልሱ ላይ ይመርቀን። «ዝናብ ቢመጣስ?» ይመጣ ይሆናል። መንዝ ነው፣ ባና ይዛችሁ ኑ።

የገጠር ቤተ ክርስቲያን ለማግባት ለምታስቡ ሁሉ አንድ ነገር ብቻ ልለምን። ከመሄዳችሁ በፊት «እዚህ ስንት ካህን አለ? ባለፈው እሑድ ተቀድሷል ወይ?» ብላችሁ ጠይቁ። ከሠርጉ በኋላ ተመልሳችሁ የማትሄዱ ከሆነ ግን ተዉት። በሰፈራችሁ ደብር አግቡ፤ ምንም ነውር የለበትም፣ ሥጋ ወደሙ አንድ ነው። ለፎቶ ደግሞ ስቱዲዮ ሞልቷል።

አክስቴ ይሄን በልጇ ስልክ እንደምታነብ አውቃለሁ። እትዬ፣ አልተደበቅኩም። እናቴ ወደተጠመቀችበት ነው የሄድኩት። በቅሎዋ ተከራይታለች፤ አንቺን ነው የምትጠብቀው።

ተቃውሞ ያለው ከሥር ይጻፍ፤ እመልሳለሁ። ስድብ ግን አጠፋለሁ። ደህና እደሩ።